ሐረጎን ለሚወርድ ሳይክል፦ ከሞተሩ በፊት ፍሬኑ

ደሴ ላይ ሳይክሉን ኤሌክትሪክ ሊያደርግ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ዳገቱን ይወጣልኛል ወይ?» ብሎ ነው። ጦሳ ተራራ ሥር በተዘረጋ ከተማ ሜዳ መንገድ ብርቅ ስለሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው። ቀጥሎ ባትሪው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚያስኬድ፣ ከዚያም ዋጋው ይመጣል። ፍሬን ብዙውን ጊዜ አይነሳም። ሳይክሉ ሲገዛ የነበረው ፍሬን እንዳለ ይቀራል፣ ገንዘቡ ሁሉ ሞተርና ባትሪ ላይ ያልቃል። እኔ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። ሞተሩ የሚያግዘን ሽቅብ ነው። የወጣነውን ስንወርድ ሥራ ይፈታል፤ ክብደቱ ግን አብሮን ይወርዳል፣ ያንን የሚይዘው ደግሞ ፍሬኑ ብቻ ነው። ለዚህ አገር የሚሆን ሳይክል ሲታሰብ አስቀድሞ የሚመረጠው ፍሬን ነው፤ የሞተሩ ጉልበትና የሚጫነው ዕቃ የሚወሰኑት ፍሬኑ ሊይዝ በሚችለው ልክ ነው።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ። መካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ፣ ትልቁ ቁልቁለት ሐረጎ ላይ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው፣ 16 ኪሎ ሳይክል፣ 9 ኪሎ ሞተርና ባትሪ፣ 15 ኪሎ ዕቃ ቢደመር 110 ኪሎ ነው። ይህ ክብደት 600 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 180 ዋት-ሰዓት ይጠጋል፤ የ36 ቮልት 10 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ግማሽ ማለት ነው። ያ ሁሉ አንድ ቦታ መሄድ አለበት፦ ጥቂቱ ወደ ነፋስ፣ ጥቂቱ ወደ ጎማ፣ የቀረው ሙቀት ሆኖ ወደ ፍሬን። 6 በመቶ በሚያዘቀዝቅ መንገድ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየሄድን ፍጥነቱን ሳንጨምር ለመውረድ ፍሬኖቹ ያለማቋረጥ 300 ዋት ያህል ሙቀት መዋጥ አለባቸው። ቁልቁለቱ 8 በመቶ ሲሆን ወደ 480 ዋት ይወጣል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በአምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ነፋሱም እንደ ቆላው አገር አያግዝም።

የፍጥነቱ ነገር ከክብደቱ ይብሳል። በእግር በሚነዳ ሳይክል በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ለመቆም ፍሬኑ የሚያጠፋው ጉልበት 1,300 ጁል ገደማ ነው። ሞተር የተገጠመለት፣ ዕቃ የያዘውና በሰዓት 35 የሚሄደው 5,200 ጁል ይዞ ነው የሚመጣው፤ አራት እጥፍ። ፍጥነት ሲጨምር ጉልበቱ በካሬ ስለሚያድግ ነው። ደህና ፍሬን ባለው ሳይክል፣ በደረቅ አስፋልት፣ ከ35 ለመቆም ወደ 10 ሜትር ያስፈልጋል። የፍሬኑ አቅም በግማሽ ከወረደ ርቀቱ 20 ሜትር ይሆናል። እዚህ ላይ ሰውየው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ ያለፈው ጊዜ አልተቆጠረም፤ በዚያ ፍጥነት አንድ ሰከንድ ብቻ ወደ 10 ሜትር ይበላል። ክረምት ላይ ጉም በወረደ ጊዜ ከፊት ያለው ሲኖትራክ የሚታየው ስንት ሜትር ሲቀረው እንደሆነ መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ታዲያ እጃችን ላይ ያለው ሳይክል ምን ፍሬን አለው?

በብረት ዘንግ የሚጎተት ፍሬንና የብረት ቸርኬ ያላቸው ባለ 28 አሮጌ ሳይክሎች ላይ ሞተር መግጠም የለበትም። ይህን ሳላለዝብ ነው የምለው። ኒኬል የተቀባ የብረት ቸርኬ ሲደርቅ እንደ ነገሩ ይይዛል፤ ዝናብ ሲነካው ግን ላስቲኩ ይንሸራተታል፣ የመያዝ አቅሙ እጅግ ይወርዳል፣ ውሃው እስኪጠረግ ቸርኬው ብዙ ዙር ይሽከረከራል። የሐምሌና የነሐሴን ዝናብ፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ የበልጉን የሚያውቅ ሰው ይህን ፍሬን ይዞ ሐረጎ ላይ መውጣት የለበትም። ሳይክሉ ጠንካራ ስለሆነ «ሞተር ይችላል» ይባላል። መሸከሙን ይችላል፤ መቆሙን ነው የማይችለው።

የአልሙኒየም ቸርኬ ላይ የሚሠራ ቪ ፍሬን (ቸርኬውን በሁለት ክንድ ከግራና ከቀኝ የሚጨብጥ) ያለው ማውንቴን ሳይክል ሌላ ነገር ነው። በደንብ የተስተካከለ ቪ ፍሬን ለከተማ ውስጥና ለኮምቦልቻ ሜዳ፣ ቀላል ሞተር ላለው ሳይክል በቂ ነው። የተጎዳውን ብቻ መለወጥ ያስፈልጋል። ሸራዎቹን፣ ማለትም ቸርኬውን የሚጨብጡትን ላስቲኮች፣ አውጥቶ ፊታቸውን ማየት ነው፤ የሚያብረቀርቅ የአልሙኒየም ፍርፋሪ ከተሰካበት ቸርኬውን እንደ ሞረድ እየበላው ስለሆነ በመርፌ ይለቀማል ወይም ሸራው ይጣላል። ቸርኬው ራሱ ጎን በጣት ሲዳሰስ ወደ ውስጥ ጎድጉዶ ከተገኘ ሳስቷል ማለት ነው፤ የጎማ ግፊትና የፍሬን ሙቀት ሲደመሩ በቁልቁለት መሃል ሊከፈት ይችላል። ሸራው 70 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ቢሆን ይመረጣል። ከቸርኬው በየጎኑ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይራቅ፤ የፊት ጫፉ ከኋላው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ቀድሞ ይንካ፤ ያኔ አይጮህም። ከፍ ብሎ ጎማውን የሚነካ ሸራ ጎማውን ቀዶ ያፈነዳል፣ ዝቅ ያለው ደግሞ ከቸርኬው ወርዶ ራጂ (የጎማው ሽቦዎች) ውስጥ ይገባል። የቪ ፍሬን ትልቁ ድካም ረጅም ቁልቁለት ነው፤ ሙቀቱ የሚሄደው ወደ ቸርኬው ስለሆነ የውስጥ ጎማውንና ጥገናውን ያግለዋል፣ አሮጌ ልጣፍ ይለቃል። ስለዚህ ደሴና ኮምቦልቻን ለሚያመላልስ ሳይክል ቢያንስ የፊቱ ዲስክ (ቸርኬውን ሳይሆን ከጎማው መሃል ጋር የታሰረ ክብ ብረት የሚጨብጥ ፍሬን) መሆን አለበት እላለሁ።

ለምን የፊቱ? ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል። ሜዳ ላይ ከመቆም ጉልበቱ 70 በመቶ ያህሉን የሚሸከመው የፊት ጎማ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ከዚያም ይበልጣል። የኋላው ጎማ ቀልሎ ቶሎ ይቆልፋል፣ ከቆለፈ ይንሸራተታል። «የፊቱን አትንካ፣ ይገለብጥሃል» እየተባለ ያደገ ሰው ብዙ ስለሆነ የፊት ፍሬን ካቮው ተበጥሶ እንኳ ሳይቀየር ይነዳል። የሚገለብጠው ክንዱን ሳያጸና፣ ሰውነቱን ወደ ፊት ጥሎ በድንገት ጥርቅም ያደረገ ሰው ነው። መቀመጫውን ወደ ኋላ ገፋ፣ ክርኑን ጠንከር አድርጎ ቀስ በቀስ የሚጨምር ሰው አጭር ርቀት ላይ ይቆማል። ባትሪውን ከኋላ ዕቃ መጫኛ ላይ ከመስቀል ይልቅ በፍሬሙ መሃል ዝቅ አድርጎ ማሰርም እዚህ ላይ ያግዛል።

እንግዲህ የእኔ ምርጫ ይህ ነው፦ ሞተሩ ከኋላ፣ ከፊት 180 ሚሊ ሜትር ዲስክ ያለው በካቮ የሚሠራ ፍሬን፣ ከኋላ ፍሬሙ የዲስክ መግጠሚያ ካለው 160 ዲስክ፣ ከሌለው ቪ ፍሬን። ሁለት ዓይነት ፍሬን አንድ ሳይክል ላይ መኖሩ ምንም ችግር የለውም። 180 የሚሆነው ከ160ው ጋር ሲነጻጸር በዚያው የእጅ ጉልበት 12 በመቶ ገደማ የበለጠ ስለሚይዝና ሙቀት የሚበትንበት ብረት ስለሚበዛ ነው። 203ቱ ደግሞ 27 በመቶ ይጨምራል፤ ግን ፎርኩ እስከ ስንት እንደሚችል ሳያረጋግጡ መግጠም አይገባም፣ ትልቁ ዲስክ ፎርኩን የሚጠመዝዝበት ጉልበትም ይጨምራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚቆምበት ነገር አለ፤ ፎርኩ የዲስክ መግጠሚያ የለውም። መፍትሔው ፎርኩን መቀየር ነው። ብየዳ ቤት ሄዶ ጆሮ ማስበየድ በፍጹም መፍትሔ አይሆንም። የሳይክል ፎርክ ቱቦ ስስ ነው፤ ብየዳው አጠገቡ ያለውን ብረት ያደክመዋል፣ የዲስክ ፍሬን ደግሞ ያንኑ የደከመ ቦታ በአንድ ጎን ብቻ ይጠመዝዘዋል። የሚሰበረው እንግዲህ ጠንክሮ ፍሬን በተያዘበት ቅጽበት ነው። አዲስ ወይም ስልባጅ ፎርክ ሲገዛ አራት ነገር ይለካል። አንደኛ፣ ወደ ፍሬሙ የሚገባው ቱቦ ውፍረት፤ አብዛኛው ማውንቴን ሳይክል 28.6 ሚሊ ሜትር ነው፣ አሮጌዎቹ 25.4። ሁለተኛ፣ የቱቦው ርዝመትና ጥርስ ያለው መሆን አለመሆኑ፤ ጥርስ ያለውና የሌለው አይለዋወጡም፣ መሪው የሚታሰርበት መንገድ ይለያያል። ሦስተኛ፣ የካሊፐሩ (ሸራዎቹን ይዞ ዲስኩን የሚጨብጠው ክፍል) መግጠሚያ ቀዳዳዎች ርቀት፤ 51 ሚሊ ሜትር ከሆነ አሮጌው ዓይነት፣ 74 ከሆነ አዲሱ ነው፣ አስማሚ ብረቱ በዚህ ይመረጣል። አራተኛ፣ የሞዞው (የጎማው እምብርት) ስፋት፤ ከፊት 100፣ ከኋላ 135 ሚሊ ሜትር የተለመደው ነው። የፊቱ ሞዞም ዲስክ የሚታሰርበት ስድስት ቀዳዳ ያለው መሆን አለበት፣ ክቡ 44 ሚሊ ሜትር ነው። ቸርኬው እንደገና ሲሠራ ራጂዎቹ ተሻግረው ይታሰሩ፤ ከሞዞው ቀጥ ብለው የሚወጡ ራጂዎች የዲስክ ፍሬንን ጥምዘዛ አይችሉም።

ከኋላ የሚገባው ሞተር ዲስክ ማሰሪያ ካለው ሌላ ችግር ይጠብቃል። የሞተሩ ክዳን ወፍራም ስለሆነ ካሊፐሩን ይፋቃል። በዲስኩና በሞተሩ መካከል 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ስስ ቀለበት፣ ካስፈለገም በአክሱ ላይ ሮንዴላ ገብቶ ይስተካከላል። ሮንዴላ ሲጨመር አክሱ ለዳዶው የሚተርፈው ጥርስ እንዳያንስ መታየት አለበት። አክሱ እንዳይዞር የሚይዘው የብረት ክንድ ደግሞ ከሞተሩ ጋር በሳጥኑ ውስጥ አብሮ ከመጣ ይገጠም፣ ካልመጣ ይገዛ፤ እሱን መተው አይቻልም።

አሁን ወደ ካሊፐሩ እንቅረብ፤ በካቮ የሚሠራ ዲስክ የሚሞተውም የሚድነውም እዚህ ነው። ዲስኩ በእጅ ሳይነካ በአልኮል ይጠረጋል። ስድስቱ ብሎኖች የኮከብ ቅርጽ ባለው 25 ቁጥር ቁልፍ፣ አንዱን ከዚያ ትይዩውን እያሉ፣ ከ4 እስከ 6 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ። ርካሹና የተለመደው ካሊፐር አንድ ጎኑ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ካቮው ክንዱን ሲጎትት የውጭው ሸራ ዲስኩን ገፍቶ በውስጠኛው ቋሚ ሸራ ላይ ያጣብቀዋል። ስለዚህ ቋሚው ሸራ ለዲስኩ በጣም መቅረብ አለበት፤ የስልክ መሙያ ካርድ ውፍረት ያህል ቢተርፍ በቂ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ካሊፐሩን የያዙት ሁለቱ ብሎኖች ላላ ይደረጋሉ። የውስጠኛው ሸራ ማስተካከያ ዲስኩን እስኪነካ ይዞራል። እጀታው ጠበቅ ተደርጎ ይያዝና ሁለቱ ብሎኖች ተራ በተራ፣ ግማሽ በግማሽ፣ በመጨረሻ ከ6 እስከ 8 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ። እጀታው ይለቀቅና የውስጡ ሸራ መፋቁን እስኪያቆም ድረስ ብቻ ይመለሳል። ጎማው ሲሽከረከር ዲስኩ በነጭ ወረቀት ፊት ሲታይ በሁለቱም በኩል ስስ ብርሃን መታየት አለበት።

የሚበላሸው በኋላ ነው። ሸራው ሲያልቅ እጀታው ወደ መሪው ይቀርባል፤ ባለቤቱም ካቮውን ይወጥራል። እጀታው ወዲያው ይጠነክራል፣ ጥሩ የተሠራ ይመስላል። ግን ካቮው ሲወጠር የካሊፐሩ ክንድ ከመነሻው ተነስቶ መሃል መንገድ ላይ ይቀመጣል፤ የቀረው ጉዞ ያጥራል። እንዲህ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተወጠረ ክንዱ የካሊፐሩን አካል ይመታል፣ ሸራው ገና እያለ ፍሬኑ መያዝ ያቆማል። ይህ ሜዳ ላይ ላይታወቅ ይችላል። ሐረጎ ላይ ግን በአንድ ወራጅ ጉዞ ብቻ ሸራው የሚታይ ያህል ሊበላ ስለሚችል፣ ከላይ የነበረው ፍሬን ከታች ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፦ የሸራው ማለቅ የሚካካሰው በሸራዎቹ ማስተካከያ ነው። ካቮው የሚወጠረው ካቮው ራሱ ሲለጠጥ ብቻ ነው። እጀታው ሲለቀቅ ክንዱ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ መመለሱን በዓይን ማየት ይቻላል፤ ካልተመለሰ የሆነ ነገር ተሳስቷል።

ስለ ካቮ ትንሽ ልቆይበት፣ በጣም የተናቀ ዕቃ ስለሆነ። የፍሬን ውስጠኛ ሽቦ 1.5 ወይም 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ የማርሹ 1.1 ወይም 1.2። ማርሹን ለፍሬን መጠቀም ማለት ሊበጠስ የተዘጋጀ ነገር ማሰር ነው። ከሁሉ የከፋው ሽፋኑ ላይ የሚፈጸመው ስህተት ነው። የፍሬን ሽፋን ውስጡ እንደ ሞላ የተጠቀለለ ብረት ነው፣ ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር። የማርሽ ሽፋን ግን ርዝመቱን ተከትለው ጎን ለጎን የተደረደሩ ቀጫጭን ሽቦዎች ናቸው፤ ጠንክሮ ፍሬን ሲያዝ ሽቦዎቹ ፕላስቲኩን ቀደው ይፈነዳሉ፣ እጀታውም ባዶውን መሪ ላይ ይደርሳል። ከውጭ ሁለቱም ጥቁር ስለሆኑ ሲገዛ ጫፉን ማየት ያስፈልጋል። ሽፋኑ በተሳለ መቁረጫ ይቆረጥ፤ በፒንሳ የተጨፈለቀ ጫፍ በሞረድ ካልተስተካከለ ካቮው ውስጥ ለውስጥ እየታሸ ይበጠሳል። ጫፎቹ ላይ የብረት ቆብ ይግባ። አዲስ ካቮ ከታሰረ በኋላ እጀታው ከአሥር እስከ ሃያ ጊዜ በሙሉ ጉልበት ይጨበጥ፣ ሽፋኑ ቦታውን ይይዛል፤ ከዚያ እንደገና ይወጠር። ደሴ ላይ ካቮ የሚያረጀው ክረምት በሚገባው ውሃና በጋ በሚከተለው አቧራ ነው፤ ሽቦው በእጅ ሲሳብ ከከበደ ዘይት ከመጨመር ይልቅ ሁለቱንም መቀየር ይሻላል።

እጀታውም ከፍሬኑ ጋር መስማማት አለበት። ለቪ ፍሬንና ለአብዛኛው የማውንቴን ዲስክ ካቮውን ረዘም አድርጎ የሚጎትት እጀታ ያስፈልጋል። በአጭሩ ለሚጎተት ፍሬን የተሠራ እጀታ ቪ ፍሬን ላይ ቢገባ ሸራው ሳይጨብጥ እጀታው መሪውን ይነካል። በተቃራኒው ከሆነ እጀታው ድንጋይ የሆነ ያህል ይጠነክራል፣ ግን አይይዝም፤ ጥንካሬው ጥሩ ፍሬን እያስመሰለ ያታልላል።

በዘይት የሚሠራ ዲስክ በጉልበትም በእጅ ልስላሴም ከሁሉ ይበልጣል፣ ሸራው ሲያልቅ ራሱን ያስተካክላል። ለምን እንግዲህ መጀመሪያ አላልኩትም? በዘይቱ ምክንያት ነው። የሺማኖ፣ የቴክትሮና የማጉራ ፍሬኖች የሚሠሩት በማዕድን ዘይት ነው። የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ «የፍሬን ዘይት» ተብሎ የሚሸጠው ግን ለባጃጅና ለአይሱዙ የሚሆነው ዶት 3 ወይም ዶት 4 ነው። ያ የማዕድን ዘይት ፍሬን ውስጥ ከገባ ጎሚኒዎቹ ያብጣሉ፣ ፒስተኑ ይነክሳል ወይም ያፈሳል፤ ከዚያ በኋላ አጥቦ መመለስ አይቻልም። አብዛኞቹ የስራም ፍሬኖች ደግሞ በዶት ነው የሚሠሩት፤ እነሱ ውስጥ የማዕድን ዘይት ቢገባ ያው ነው። የሚፈልገው ዘይት ብዙ ጊዜ እጀታው ክዳን ላይ ተጽፏል። ዘይቱ ውስጥ የገባ ውሃም በዚህ ከፍታ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ እንፋሎት ሆነ ማለት እጀታው ባዶ ሆነ ማለት ነው። ትክክለኛውን ዘይትና አየር ማስወጫ መርፌውን አስቀድሞ ገዝቶ ቤት ያስቀመጠ ሰው በዘይት የሚሠራውን ይግጠም፣ በጣም ጥሩ ነው። ያላስቀመጠ ሰው ካቮው ይሻለዋል፣ ካቮ የትም ይገኛል።

ሸራ ሁለት ዋና ዓይነት ነው፤ በሙጫ የተጋገረና ብረት የተጋገረ። የሙጫው ዝም ይላል፣ ቶሎ ይይዛል፣ ግን ሲግል ይደክማል፣ በጭቃ ውሃ ቶሎ ያልቃል። ብረቱ ይጮኻል፣ ሙቀትና ዝናብ ይችላል። ለሐረጎ ብረቱን ወይም የተደባለቀውን እመርጣለሁ፤ ዲስኩ ላይ ለሙጫ ሸራ ብቻ እንደሆነ ከተጻፈበት ግን ብረቱ ዲስኩን ይፍቀዋል። አዲስ ሸራ እንደገባ ወዲያው ቁልቁለት መውረድ ክልክል ነው። ሜዳ መንገድ ላይ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር እስከ እግር ፍጥነት፣ ሳይቆልፉ፣ ከ20 እስከ 30 ጊዜ ፍጥነት መቀነስ ያስፈልጋል፤ የሸራው ስስ ሽፋን ዲስኩ ላይ ተቀብቶ መያዝ የሚጀምረው ያኔ ነው። የካቴና ዘይት የነካው ሸራ ይጣላል። በአሸዋ ወረቀት ማሸት ለጥቂት ቀን ያታልላል፣ ዘይቱ ግን ውስጥ ገብቷል።

ከሞተሩ ኪት (የመግጠሚያ ዕቃዎች ስብስብ) ጋር የሚመጡት ሁለት ሽቦ ያላቸው የፍሬን እጀታዎች ሞተሩን የሚያጠፉ ናቸው። «የድሮው እጀታ ይሻላል» ብሎ እነሱን መተው ይታያል፣ አይገባም። ፔዳል መምታት ሲቆም ሞተሩ ወዲያው አይጠፋም፣ ትንሽ ይቆያል፤ ያ ትንሽ ቆይታ መስቀለኛ መንገድ ላይ ብዙ ነው። እጀታው ውስጥ ያለው ሞተሩን የሚያጠፋው ማብሪያ ሸራው ከመንካቱ በፊት፣ በእጀታው የመጀመሪያ ጥቂት ሚሊ ሜትር ላይ መሥራት አለበት። የድሮውን እጀታ ወይም በዘይት የሚሠራውን ማስቀረት ከተፈለገ በማግኔት የሚሠራ ማብሪያ ለብቻው ይለጠፋል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ይህ ማብሪያ ብዙውን ጊዜ ሲጨበጥ ሁለቱን ሽቦ የሚያገናኝ ነው። ሽቦው ቢበጠስ ሞተሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ይሠራል፣ ብልሽቱ አይታወቅም። ስለዚህ በየጊዜው የኋላውን ጎማ አንስቶ፣ ሞተሩን አስነስቶ፣ ሁለቱንም እጀታ ተራ በተራ ነክቶ መጥፋቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የሞተሩ ጉልበት መስጫ የሚጠመዘዝ ከሚሆን በአውራ ጣት የሚገፋው ይመረጣል፤ በድንጋጤ ፍሬን ሲጨበጥ የሚጠመዘዘው አብሮ ሊዞር ይችላል።

«ሞተሩ ራሱ ፍሬን ይሆናል፣ ባትሪውንም ይሞላል» የሚባለው እውነትነት አለው፤ ግን ጥርስ ለሌለው፣ በቀጥታ ለሚዞረው ትልቁ የሞዞ ሞተር ብቻ፣ ኮንትሮለሩም (የሞተሩን ኃይል የሚቆጣጠረው ሳጥን) ከፈቀደ ነው። ውስጡ ጥርስ ያለው ትንሹ ሞተርና ፔዳሉ ጋ የሚታሰረው ሞተር ወደ ፊት በነጻ ስለሚዞሩ ይህን አይሠሩም። በቀጥታ በሚዞረው ላይም የደሴ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ወጥመድ አለ። ማታ ደሴ ላይ ሞልቶ ያደረ 36 ቮልት ባትሪ 42 ቮልት ላይ ነው፣ ተጨማሪ መቀበያ ቦታ የለውም። ጠዋት በቀጥታ ሐረጎን ሲጀምር መከላከያ ሰርኪቱ ኃይሉን ሊቆርጠው ይችላል፤ ሞተሩ ይዞት የነበረው ሳይክል በአንድ ጊዜ ይለቀቃል፣ ኮንትሮለሩም በቮልቴጅ መዘለል ሊቃጠል ይችላል። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው ባትሪውን 80 በመቶ ላይ ይንቀለው። ለመመለሻው ኮምቦልቻ ላይ ይሙላው። የሞተር ፍሬን ሲሠራ አክሱን በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚጠመዝዝ ዳዶው ቀስ በቀስ ይላላል፤ የብረቱ ክንድ በሁለቱም ጎን ቢሆን ይመረጣል።

ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን በስሱ ይዞ መውረድ ሸራውን ያነዳል። ፍጥነቱ ሲጨምር ሁለቱንም ጠንከር አድርጎ ይዞ በደንብ ማውረድ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ፤ በተለቀቀበት ጊዜ ዲስኩን ነፋስ ያበርደዋል። ኩርባ ከመድረሱ በፊት ፍጥነት ይቀነሳል፣ ኩርባው ውስጥ አይጨበጥም፤ በተለይ ዝናብ ከመሬቱ ላይ ዘይትና አቧራ ባነሳበት በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ወይም እጀታው ከመነሻው ይልቅ ወደ መሪው ከቀረበ ዳር ይዞ መቆም ነው፤ አሥር ደቂቃ ይበቃል። የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ አይፈስም፣ ይጣመማል፤ በእጅም አይነካም፣ ቆዳ ያነሳል።

ለዚህ መንገድ የሚያስፈልገው ዕቃ ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፦ አንድ የፍሬን ካቮ፣ አንድ ጥንድ የፊት ሸራ፣ 5 ሚሊ ሜትር ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ፣ 25 ቁጥር የኮከብ ቁልፍ፣ ንጹሕ ጨርቅ። ኮምቦልቻ እንደተደረሰ ዲስኩ ሲበርድ የሸራው ውፍረት ይታይ። አምራቾቹ 0.5 ሚሊ ሜትር ሲቀር ቀይሩ ይላሉ፤ ሐረጎን ለሚወርድ ሰው 1 ሚሊ ሜትር ሲቀር ጊዜው ደርሷል። የፊቱ ከኋላው ቀድሞ ስለሚያልቅ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ይቀየራሉ ብሎ መጠበቅ አያስፈልግም። ዲስኩም ይሳሳል፤ አዲሱ 1.8 ሚሊ ሜትር የነበረው 1.5 ሲደርስ ይጣላል፣ በካሊበር መለካት ካልተቻለ ጠርዙ ላይ ጥፍርን የሚይዝ ደረጃ ከተፈጠረ መለካት ወደሚቻልበት መውሰድ ነው።